ያልተረገጠ እንቁላል

ያን ቀን ጠዋቱ ፀሐይ ነበር። ሰሊጥ ልናርም ወጥተን ግማሹን እንኳ ሳንጨርስ ከኮረብታው በኩል ንፋስ ተነሣ፤ የሰሊጡን ራስ እያስተኛ መጣና ዝናቡ ተከትሎት ወረደ። ሲመታ የሚያም ወፍራም ዝናብ ነበር። መቆፈሪያችንን ተሸክመን ሮጥን። የባሌ ወንድም ሚስት አቺሮ ከፊቴ ነበረች። ግቢዋ ጋ ስትደርስ በድንገት ቀጥ አለች፤ ከጀርባዋ ጋር ልላተም ምንም አልቀረኝም።

ከግቢው ውጭ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ ከተከለው ማንጎ ሥር፣ አንድ ረጅም ወታደር ቆሟል። ልብሱ ገላው ላይ ተጣብቋል። ጠመንጃውን በላስቲክ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል፤ እሱ በስብሶ ጠመንጃው ደረቅ ነበር።

"እናቴ፣ ዝናቡን ይዤልሽ መጣሁ" አላት።

ልጇ ኦኩሙ ነበር። ጫካ የገባው የትምህርት ቤት ሸሚዙን እንደለበሰ ነው፤ አሁን ጢም አብቅሏል። አቺሮ መቆፈሪያዋን ጭቃው ውስጥ ጥላ አቀፈችው፤ ከነጠመንጃው። ከዚያ እጁን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችው። እሱ ግን ከግቢው አፍ ላይ እግሩን ተከለ።

"እንቁላሉስ?" አላት።

እኛ ጋ ለጦርነት ወጥቶ የከረመ ሰው ዝም ብሎ ቤቱ አይገባም። ሽማግሌ ጥሬ እንቁላል ከግቢው አፍ ላይ ያኖርለታል፤ ከጎኑ እርጥብ ቅርንጫፍና ጎተራ የምንደግፍበትን እንጨት ያጋድማል። ሰውየው እንቁላሉን በባዶ እግሩ ረግጦ፣ እንጨቱን ተሻግሮ ይገባል። ያየውና ያደረገው ነገር ውጭ ይቀራል ማለት ነው። ሳይረግጥ ከገባ ግን አብሮት የመጣው ሁሉ ተከትሎት ይገባል፤ የሚይዘውም እሱን ሳይሆን ቤት ውስጥ ያለውን ሕፃን ነው። በፊተኛው ጦርነት የባሎቻችን የአጎት ልጅ እንዲሁ ገብቶ የእህቱ ልጅ በሳምንቱ ሞተ። ወባም ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቅም። ሰው የሚያስታውሰው ግን እንቁላሉን ነው።

ሽማግሌያችን ኦብዎና ጆንያ ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው መጡ። ኦኩሙን አዩት፤ ከዚያ ላስቲኩን አዩት።

"ልጄ፣ መጣህ ወይስ ብቅ አልክ?"

"ብቅ ነው ያልኩት አባባ። ካምፕ ምግብ አልቆብናል። ትንሽ እህል ቀምሼ እመለሳለሁ።"

"ጠመንጃውስ?"

"የኔ አይደለም። ትቼው ብመጣ ከድቷል ይሉኛል።"

"እንግዲያው እንቁላል የለም። እንቁላል የሚረገጠው ለመጣ ሰው ነው። ብቅ ላለ ሰው አስረግጠን ነገ ተመልሶ ቢገድል በማን ላይ ሊሆን ነው? በእኛው ላይ።"

"አባታችን፣ ዝናብ ነው እኮ!" አለች አቺሮ። "ውሻው እንኳ ገብቶ ተኝቷል።"

"ውሻው ሰው አልገደለም፣ የኦኩሙ እናት።"

ኦኩሙ ሳቀ። "አባባ እውነታቸውን ነው። ደግሞ ማንጎው ይሻለኛል፤ ቤታችን ያፈሳል።"

እውነትም ያፈስ ነበር። አቺሮ ያን ቀን የማሽላ ገንፎና በሰሊጥ የተሠራ የቅጠል ወጥ በላስቲክ ሸፍና ወደ ዛፉ ስትመላለስ ዋለች። ዝናቡ ሳህኑ ውስጥ እየገባ ነበር የበላው።

አቺሮ የተወለደችው ወንዝ ዳር፣ ዓሣ ከሚያደርቁ ሰዎች ነው። ባሎቻችን ወንድማማቾች ስለነበሩ እኛም አንድ ግቢ ያህል ሆነን ኖረናል። ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ባሏ ካሳቫ ሊነቅል ወጥቶ አልተመለሰም። ኦኩሙ አባቱን ቀበረና ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ጫካ ገባ። እሷ እርጉዝ ልጇን ይዛ ወደ ኡጋንዳ ተሻገረች። ልጅቷ እዚያ በወሊድ ሞተችና ላከር የምትባል ሕፃን ለአያቷ ቀረች። አቺሮ ስለዚህ ሁሉ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ሲብስባት የታጠበ ድስት ደግማ ታጥባለች።

ሰላም ተፈረመ፣ የተዋጉት ጁባ ላይ ሥልጣኑን ተካፍለው አብረው ሊገዙ ነው ሲባል ሌላው ሰው "ትንሽ እንይ" አለ። አቺሮ "እያየሁ ከምቆይ እያረስኩ ልቆይ" ብላ ላከርን አዝላ ቀድማ ተመለሰች። እኔም ተከተልኳት።

ከዚያ ዝናብ በኋላ የአቺሮ ጉዳይ አንድ ብቻ ሆነ፦ ኦኩሙ ጠመንጃውን አስረክቦ፣ እንቁላሉን ረግጦ፣ እቤቷ ጣሪያ ሥር እንዲያድር። የቤቱን ክዳን በአዲስ ሣር ለወጠች። ዶሮዋ ከጣለችው አንድ እንቁላል በቅል አስቀመጠች፤ ሲቆይ አውጥታ ለላከር ትቀቅልላትና በአዲስ ትተካዋለች። ላከር "አጎቴ መቼ ነው የሚገባው?" ስትል እንቁላል አምሯት ነው እያልን እንስቅ ነበር።

የጠመንጃው ነገር ግን በእኛ እጅ አልነበረም። የፈረሙት ወገኖች ወታደሮቻቸውን በየካምፑ ሰብስበዋል። ከዚያ ተቀላቅለው አንድ ጦር ይሆናሉ ተብሏል። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ያልፈረሙት አሉ። እነሱ ስምምነቱ የሌቦች ክፍፍል ነው፣ ከመንግሥት ጋር ሊሠለጥን የሄደ ሁሉ ጠላታችን ነው ይላሉ። አንድ ቀን ለካምፑ ማሽላ የጫነ መኪና መንገድ ላይ አቃጠሉ። ሽታው እኛ ድረስ መጣ፤ የሚቆላ እህል ሽታ ነበር። ልጆች ምራቃቸውን እየዋጡ ወደዚያ ሲያዩ ዋሉ። ሌላ መኪና አልመጣም። ወታደሮቹም እንደ ኦኩሙ እየሾለኩ እናቶቻቸው ጋ መብላት ጀመሩ።

የቦኖው ወሬ ሁሉ የወንበር ወሬ ሆነ። አንዷ ጎረቤታችን ጀሪካኗን እየሞላች፣ "ለአንድ ፕሬዝዳንት አምስት ምክትል ሰጡት አሉ፤ እኔ አንድ ምክትል ባል እንኳ የሚሰጠኝ አጣሁ" አለች።

"አንቺ የመጀመሪያውንም በደንብ አልያዝሽው!" አሏት።

አቺሮ አልሳቀችም። "ወረዳችን ለማን ደረሰ?" ብላ ጠየቀች። ሴቶቹ ዞረው አዩአት።

ኦኩሙ ወደ ካምፑ ከተመለሰ በኋላ አንድ ዶሮና የለውዝ ቅርጫት ይዛ ወደዚያው ሄደች፤ አብሬያት ሄድኩ። በመንገዱ ላይ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እንዳትናገሪ፣ እኔ ነኝ የምናገረው" አለችኝ። እዚያ ስንደርስ ልጆቹ ሜዳው ላይ እንጨት በትከሻቸው ይዘው ይሰለፋሉ። ጠመንጃ ያላቸውም የሌላቸውም እንጨት ይዘዋል።

"በዱላ ነው የምትተኩሱት?" አለቻቸው አቺሮ።

"ጧ! እንላለን እናታችን። ጠላት ደንቆሮ ካልሆነ ይወድቃል" አለ አንዱ።

የካምፑ አዛዥ ላቲጎ ሰው የሚያከብር ሰው ነበር። ከላስቲክ ወንበሩ ተነሥቶ እሷን አስቀመጣትና እሱ ቆመ።

"የኦኩሙ እናት፣ ልጅሽ ጎበዝ ነው።"

"ጉብዝናውን እቤቴ ያሳየኝ ጌታዬ። ጠመንጃውን ተቀበሉትና ልውሰደው።"

"ብቀበለው ደስ ባለኝ። ግን ጠመንጃ የምንረከበው የጋራው ጦር ሲቋቋም ነው። የጋራው ጦር የሚቋቋመው ሹመቱ ተደልድሎ ሲያልቅ ነው። ሹመቱ ደግሞ…" እጁን ወደ ጁባ አወዛወዘ።

"ስንት ወንበር ቀራቸው?"

ሳቀ። "የኛ ወረዳ ቀርቷል። ለኛ ወገን ነው የደረሰው፤ የቀረበውም ስም የኔ ነው። አስተዳዳሪ ሆኜ የተቀመጥኩ ቀን መጀመሪያ የምቀበለው ጠመንጃ የልጅሽን ነው። እናቴ ትሙት!"

ስንመለስ አቺሮ መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ነበረች። "ሰው ነው" አለችኝ። "የኔን ልጅ ስም ያውቃል። ወንበሩን ብቻ ይስጡት።"

ከዚያ በኋላ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ተለወጠ። ሬዲዮ ካለበት ቤት አትጠፋም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጮክ ብላ፣ "ጌታ ሆይ፣ ለላቲጎ ወንበሩን ስጠው" ብላ ጸለየች። ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሴቶቹ በሻሻቸው አፋቸውን ያዙ። "አቺሮ ፓርቲ ገባች" ተባለ። እሷ ግን የሰው ሳቅ ጉዳይዋ አልነበረም።

ኦኩሙ ሲርበው ይመጣል፤ ትንሽ ይቆይና ይመለሳል። ከማንጎው ሥር ላስቲክ ወጥራለት ሰሌን አንጥፋለታለች። ለላከር ትንሽ መቆፈሪያ ጠረበላት። እሷ ከግቢው ውስጥ፣ እሱ ከውጭ ሆነው አፈር እየጫሩ ይጫወታሉ።

"ለምን አትገባም?" አለችው አንድ ቀን።

"እግሬ ጭቃ ነው። አያትሽ ትቆጣኛለች።"

"ታጠበዋ!"

"ይቺ ጭቃ በውኃ አትለቅም" አላትና ፊቱን አዞረ።

የዝናቡ ወራት ሊያበቃ ሲል የወረዳ አስተዳዳሪዎች ስም በሬዲዮ ተነበበ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። የኛ ወረዳ ተጠራ። ሁለቱ ወገኖች ወረዳ ተለዋውጠው ኖሮ የኛ ለሌላው ወገን ደርሷል፤ የተሾመውም ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ሰው ነው። አቺሮ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ደግመው ያንብቡት" አለች። ሬዲዮ አይደግምም።

ኦኩሙ ያን ቀን ከማንጎው ሥር ነበር። ስንነግረው፣ "ላቲጎ ይህን አይውጠውም" አለ።

በማግሥቱ ከካምፑ የሸሸ አንድ ወታደር በመንደራችን አለፈ። ላቲጎ ስምምነቱን ረግጦ ግማሹን ሰው ይዞ ወጥቷል። ካልፈረሙት ጋር ሊቀላቀል ነው፤ እነሱም ሹመት እንደሚሰጡት ቃል ገብተውለታል። ቤታቸው ሊበሉ የሄዱትን በየመንደሩ እየሰበሰበ ነው የሚያልፈው። ይህን ነግሮን ውኃ ጠጣና ወደ ድንበሩ ሮጠ።

ኦኩሙ የእናቱን መቆፈሪያ ጠየቀ። ከሰሊጡ ማሳ ወዲያ ሄዶ ጉድጓድ ቆፈረና ጠመንጃውን ከነላስቲኩ ቀበረው። ሽማግሌ ኦብዎና ቆመው አዩት። አፈሩን ከደፈነ በኋላ ትከሻውን ያዙት።

"አሁን መጣህ" አሉት።

አቺሮ እንቁላሉን ከቅሉ አውጥታ ይዛ ነበር። "እንግዲህ አሁኑኑ አባታችን።"

"ነገ ጠዋት፤ ጤዛው ሳይረግፍ። ወንድሞቼ ከየማሳው ይምጡ። ልጃችንን እንደ ሌባ በጓሮ አላስገባውም።"

"ላቲጎ እየመጣ ነው እኮ!"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያው ዛሬ ቤት ይደርና ነገ ይርገጥ።"

ሽማግሌው ወደ መንገዱ ዞሩ። እኔ ቆጣ የሚሉ መስሎኝ ነበር። "እኔ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው፤ ዓይኔም ደክሟል" አሉና ሄዱ። ፈቀዱ ማለት ነው። እንደዚያ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም።

እንቢ ያለው ኦኩሙ ራሱ ነው። አቺሮ ለመነችው፤ ቆጣች፤ ክንዱን ይዛ ጎተተችው። ከግቢው አፍ ላይ እንደዚያ የዝናብ ቀን እግሩን ተከለ።

"እናቴ፣ ላከር የት ነው የምትተኛው?"

"እኔ ጋ ትተኛለች።" አለችና ወደኔ ዞረች። "ወይ እሷ ትውሰዳት።"

"የትም ብትተኛ ጠዋት ተመልሳ ትገባለች። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጡብኝ ሰዎች ብዙ ናቸው እናቴ። እነሱን ይዤባት አልገባም። አንዲት ሌሊት ናት፤ ማንጎውም ለምዶኛል።"

እራቱን አብረን ከዛፉ ሥር በላን። ደህና እደሩ ተባብለን ገባን።

ሊነጋጋ ሲል የመጡት በሰሊጡ በኩል ነው። አልተኮሱም። ስወጣ ኦኩሙ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ተንበርክኳል፤ ፊቱ ደምቷል። ጠመንጃውን ያወጡት ይመስለኛል፤ አንዱ በጭቃ የተለወሰ ላስቲክ ይዟል። ላቲጎ ከመንገዱ ላይ ቆሟል። አቺሮ ልብሷን እንኳ በደንብ ሳትጠቀልል ፊቱ ሄዳ ቆመች።

"ልጄን ለምን ታስረዋለህ? ቃል ገብተህልኝ አልነበረም?"

"የኦኩሙ እናት፣ አላየሽም? ወንበሩን ከለከሉኝ።" አሁንም በአክብሮት ነበር የሚናገራት።

"እኔ ወሰድኩብህ?"

"አንቺ አልወሰድሽም።"

"ወንበር ነው የቸገረህ?" ወደ ቤት ሮጠች። ድስት ስትጥድ የምትቀመጥባትን በርጩማ ይዛ ወጣችና እግሩ ሥር ወረወረችው። "ያውልህ ወንበር! ተቀመጥና ግዛ! እኔን ግዛኝ፣ ማሳዬን ግዛ፤ ልጄን ልቀቅልኝ!"

ወታደሮቹ ሳቁ። ላቲጎ አልሳቀም። በርጩማዋን አነሣና ከመንገዱ ዳር አቆማት። "ቶሎ በሉ" አለ ለሰዎቹ። ኦኩሙን አንሥተው ገፉት። እሱ ዞሮ አላየንም፤ እንዳይዞር ይሆናል የነገሩት።

በዚያ ጠዋት አንድም ግቢ አልገቡም። ይህን በኋላ ከየመንደሩ ሰማን። የመንግሥት ጦር ከኋላቸው ስለነበረ ቤት ለመፈተሽ ጊዜ አልነበራቸውም፤ የወሰዱት ከመንገድና ከዛፍ ሥር ያገኙትን ነው። ከእኛ ጎረቤት ሊበሉ የመጡ ሁለት ወታደሮች ግቢ ውስጥ፣ ጎተራ ሥር ተኝተው ነበርና ተረፉ።

ሽማግሌ ኦብዎና ከወንድሞቻቸው ጋር ሲመጡ ጤዛው አልረገፈም ነበር። እርጥቡን ቅርንጫፍ፣ የጎተራውን እንጨት ይዘው ነበር። መንገዱ ላይ የቆመችውን በርጩማ፣ ባዶውን ሰሌን አዩ። ማንም አልነገራቸውም። እንጨቱን ይዘው እዚያው ተቀመጡ።

አቺሮ እንቁላሉን አምጥታ ከግቢው አፍ ላይ አኖረችው። "እዚሁ ይቆይ" አለች። ማን ይንካው? ሁላችንም በጎኑ እየዞርን ስንገባና ስንወጣ ዋልን። ውሻ በላው።

ከዚያ መንገዱ ሁሉ ተኩስ ሆነ። ኦኩሙን ከወንዙ ማዶ አየሁት ያለ ሰው አለ፤ ጠመንጃ ይዞ ካልፈረሙት ጋር ነበር አለ። ይህ ወሬ የመንግሥት ወታደሮች ጋ ሲደርስ መጥተው አቺሮን "የአማፂ እናት" ብለው ጎተራዋን አራገፉት። ካምፑ ውስጥ የቀሩት ልጆች በእንጨታቸው ተመረቁ አሉ። ጁባ ላይ ደግሞ የክፍፍሉ ጊዜ አልበቃ ስላላቸው ጨመሩበት፤ ቆይተውም እንደገና ጨመሩበት። ላቲጎ ካልፈረሙት ጋር ተጣልቶ ከመንግሥት ጋር ታርቋል፤ ማዕረግም ሰጥተውታል። ይዟቸው የወጣቸውን ልጆች የት እንዳደረሳቸው የጠየቀው ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ሽማግሌ ኦብዎና በበጋው ሞቱ። ከዚያ ጠዋት በኋላ ማንንም እንቁላል አላስረገጡም።

መንደሩ ተመልሶ ወደ ኡጋንዳ ሲተም አቺሮን ለመንኳት። ላከርን አንጠልጥላ እኔ ጀርባ ላይ አስቀመጠቻት፤ ኦኩሙ የጠረበላትን መቆፈሪያም በእጇ አስያዘቻት።

"አንቺስ?" አልኳት።

"እኔ ከሄድኩ ማን ነው ተቀብሎ የሚያስገባው?"

"ሽማግሌው እኮ የሉም።"

"አውቃለሁ። አሁን እኔ ራሴ ነኝ የማኖርለት። ካልፈለገም ሳይረግጥ ይግባ። ቤት ውስጥ ልጅ የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ፤ የመጣው ይምጣብኝ።"

ላከር አሁን እኔ ጋ፣ ኡጋንዳ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ናት፤ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። ኦኩሙ ይኑር ይሙት የምናውቀው ነገር የለም። ከዚያ በኩል ለውዝ ሊሸጡ የሚሻገሩ ሰዎች ሲመጡ እጠይቃለሁ። አቺሮ እዚያው መንደራችን ውስጥ ናት ይሉኛል፤ ብቻዋን። የቤቱ ክዳን ተበሳስቷል፤ ማታ ማታ የምትተኛው ከማንጎው ሥር ነው።